አገዳ የለበሰ ቆርቆሮ

"ውረዱ! ከቤቴ ላይ ውረዱ ብያለሁ!"

አመለወርቅ ከትምህርት ቤት እየሮጠች ነው የመጣችው። የጠመኔውን ብናኝ እንኳ ከእጇ አላራገፈችም። ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ቆርቆሮው ላይ ቆመው የማሽላውን አገዳ በእቅፍ በእቅፍ እያነሡ ወደ ግቢው ይወረውራሉ። አገዳው የታሰረበትን ገመድ በማጭድ ቆራርጠውታል። ሕፃኗን የሚጠብቁላት እትዬ አበራሽ ልጅቷን ታቅፈው የአጥሩ ጥግ ላይ ቆመዋል።

"ኧረ ተዉ ብዬ ለመንኳቸው፤ ማን ይስማኝ!" አሉ አሮጊቷ።

"ምን በድዬ ነው?" አለች አመለወርቅ ወደ ላይ አንጋጣ።

"እኛ ምን እናውቃለን፣ መምህርት፤ ታዘን ነው" አለ አየለ የሚባለው፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። "ሐሙስ እንግዶች በአስፋልቱ ያልፋሉ። ፊቱን ለመንገድ የሰጠ ቤት ሁሉ ይጽዳ ተብሏል።"

"ይኼ ቆሻሻ ነው?"

"ከመኪና ላይ ሲታይ የከብት ጋጣ ይመስላል አሉ።"

አመለወርቅ ከእግሯ ሥር የወደቀውን የተቆረጠ ገመድ አነሣች።

ጊዜው ሰኔ 1976 ዓ.ም. ነው። ለመስከረሙ አሥረኛ የአብዮት በዓል ሸዋ ሮቢት ከወዲሁ ኖራ እየተቀባች ነበር። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ኮርኒስ ያላየ ባዶ ቆርቆሮ። አመለወርቅ ደብረ ብርሃን ተወልዳ ያደገች ስለሆነች እዚህ ተመድባ እስክትመጣ ድረስ ሙቀት ሰው ይጎዳል ብላ አስባ አታውቅም። ባሏ አሰግድ የመንገድ ሠራተኛ ነው፤ ደብረ ሲና ካለው ካምፕ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው። የቤቱን ነገር የምታስበው እሷ ነበረች።

ያልሞከረችው የለም። ለኮርኒስ ሦስት ጊዜ ለቀበሌው አመለከተች፤ ሦስቱንም ጊዜ "በጀት ሲፈቀድ" ተባለች። አቡጀዲ ገዝታ ከቆርቆሮው ሥር ወጠረች፤ አንድ ሳምንት እንኳ ሳይቆይ አይጥ ቀደደው። አጣዬ አንድ ሱቅ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ አይታ ዋጋውን ብትጠይቅ ከደመወዟ እኩሌታ በላይ ሆነ፤ መብራቱም ቢሆን የሚመጣው ከመሸ በኋላ ነው። ነጠላ እያራሰች በር ላይ መስቀል ጀመረች። ያም ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃው ደግሞ ከሮቢ ወንዝ በአህያ እየተጫነ በገንዘብ የሚመጣ ነው። ለውሃው ስትከፍል የወተቱ ጎደለ።

በግንቦት አጋማሽ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የሰባት ወሯ ቆንጅት ሽፍታ በሽፍታ ሆና፣ ዓይኗ ወደ ላይ ተገልብጦ፣ ክንዷ ላይ ዝልፍልፍ አለችባት። ጤና ጣቢያ ይዛት በረረች። የጤና ረዳቱ ልጅቷን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ካረጋጋ በኋላ፣ "መድኃኒት አይደለም የሚያስፈልጋት። ከዚያ ቤት አውጪያት" አላት።

"የት ላውጣት?" ነበር መልሷ።

መላውን ያመጡላት ጎረቤቷ ጋሽ ሷሊሕ ናቸው። "ወላሂ፣ እናንተ የተማራችሁ ትገርማላችሁ" አሏት። "ቆርቆሮውን ፀሐይ እንዳያየው አድርጊው እንጂ ከታች ሆነሽ ምን ትታገያለሽ? አገዳ አልብሺው።" ከአምና የተረፋቸውን አገዳ በሦስት ጭነት አመጡላት፤ እሷ የገመዱን ብቻ ከፈለች። ራሳቸው ጣሪያው ላይ ወጥተው በወፍራሙ ደረደሩት። በማግሥቱ ቆንጅት ቀትር ላይ ተኛች። እናትየው ልጇ ትተነፍስ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብላ አዳመጠች። እንዲህ ሆኖ ሦስት ሳምንት አለፈ።

አሁን አገዳው ግቢው ውስጥ ተበትኗል። አመለወርቅ ወደ ቤት ገብታ እጇን ወደ ቆርቆሮው ዘረጋች፤ ወላፈኑ መዳፏን ገረፋት። ወጥታ ልጇን ከእትዬ አበራሽ ተቀበለች።

"ወዴት ልትሄጂ ነው?" አሉ እትዬ አበራሽ።

"ወደ ቀበሌ።"

"በእግዚአብሔር! ክፉ ቃል እንዳይወጣሽ!"

ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ለስኳር ካርድ የተሰለፉ ሰዎች መንገድ ለቀቁላት። ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር። ቀና ብላ አየች፤ ቀለሙ ገና የሚሸት ነጭ ኮርኒስ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተዘርግቷል።

ሊቀመንበሩ አለባቸው ወረቀት ላይ ማኅተም እየመታ ነበር።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ጣሪያዬን ማን አስፈረሰው?"

"ጣሪያሽን የነካው የለም፣ ጓድ አመለወርቅ። የተነሣው አገዳ ነው።"

"ጣሪያዬ እሱ ነበር።"

"እሳት ቢነሣስ? ሰፈሩ በሙሉ ቢያያዝ ተጠያቂው ማነው?"

"አስቤበታለሁ። ምድጃዬ ከቤቱ ሃያ እርምጃ ይርቃል። የፈሩት እሳት ከሆነ፣ እርስዎ ጓሮ ያለው የአገዳ ክምር ለምን አልተነሣም?"

"የኔ ከመንገድ አይታይም" አለ አለባቸው። የተናገረውን የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። ከሰልፉ መሐል አንድ ሰው ሳል አስመስሎ ሳቀ።

አመለወርቅ ወደ ላይ አመለከተች። "ይኼስ ከየት በጀት ተሠራ?"

"ከቤት ኪራይ ገቢ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ እንግዳ ይገባበታል።"

"ከእኛ ኪራይ? እኔ ሦስት ጊዜ ሳመለክት የለም የተባልኩት በጀት?" ልጇን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አደረገቻት። "እንግዶቹ እዚህ ቢቀመጡ ግማሽ ሰዓት ነው። ልጄ እዚያ የምትውለው ቀኑን ሙሉ ነው። ሞታ ልትቀርብኝ ነበር እኮ!"

አለባቸው መሳቢያውን ስቦ በታይፕ የተጻፈ ወረቀት አወጣ። "ጩኸት አያስፈልግም። ፈርሚና ይዘጋ።"

አነበበችው። የከተማዋን ገጽታ የሚያበላሽ ሥራ በመሥራቷ ጥፋተኛ መሆኗን፣ ሁለተኛም እንደማይለምዳት ይላል።

"ካልፈረምኩስ?"

"ለአውራጃ ይጻፋል። የሚጻፈው ስለ አገዳ እንዳይመስልሽ። በዓሉን ስለሚያንቋሽሽ መምህር ነው የሚጻፈው።"

አመለወርቅ ወረቀቱን እንደገና አነበበችው። አምና የሒሳብ መምህሩ ይልማ እንዲህ ባለ አንድ ደብዳቤ ተጠርቶ ሄዶ አልተመለሰም፤ ክፍሉን ለሌላ አስተማሪ ሰጡት፤ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀም የለም። ፈርማ ብትወጣ ማንም አይፈርድባትም። ወደ ልጇ ዝቅ ብላ አየች። ቆንጅት በኮርኒሱ ቅዝቃዜ አንገቷ ላይ ያለው ላብ ደርቆ፣ አፏን ከፈት አድርጋ እንቅልፍ ወስዷታል።

ብዕሩን አነሣች። በታይፕ የተጻፉትን መስመሮች አንድ በአንድ ሰረዘቻቸው። ከሥር ብላክ ቦርድ ላይ በምትጽፍበት ጥርት ባለ ጽሕፈቷ ጻፈች፦ "አገዳውን ያለበስኩት ልጄ እንዳትሞትብኝ ነው። ዛሬውኑ መልሼ አለብሰዋለሁ።" ስሟን፣ ቀኑንና ፊርማዋን አኖረችበት።

"ምን መሥራትሽ ነው?" አለ አለባቸው አንብቦ ሲጨርስ።

"ፈርሚ አላሉኝም?"

"አየለ! አውጣት!" ብሎ ጮኸ።

አየለ ሥራውን ጨርሶ ተመልሶ ነበር፤ የአገዳው አቧራ ፀጉሩ ላይ እንዳለ በሩ ላይ ብቅ አለ። ሊቀመንበሩን አየ፣ ሕፃኗን አየ።

"ጓድ፣ ልጅቷ ተኝታለች እኮ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ካለበትም አልተነቃነቀም።

ከእሱ ኋላ የጋሽ ሷሊሕ ጥምጣም ታየ። "መምህርት፣ አገዳውን ምን ላድርገው? የመንደሩ አህያ ተሰብስቦበታል።"

"ሌላ ገመድ አለዎት፣ ጋሼ?"

"አይጠፋም፣ ኢንሻአላህ።"

"እንግዲያው መሰላሉን ያቁሙልኝ። እርስዎ ከታች ያቀብሉኛል፤ ጣሪያው ላይ የምወጣው እኔ ነኝ" አለችና፣ ቆንጅት ቅዝቃዜው ውስጥ ተኝታ እስክትነቃ ድረስ፣ የሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።