ቆመሽ አስተምሪ

የሒሳብ አስተማሪዋ ክፍል ስትገባ ወንበሯ አልነበረም። ጠረጴዛው አለ፣ ጠመኔው አለ፣ ተማሪዎቹ አሉ፤ ወንበሩ ግን ከነትራሱ ተወስዷል።

«ወንበሬን ማን ወሰደው?» አለች።

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከፊት የተቀመጠችው ልጅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ምክትሉ ናቸው ቲቸር። አስወጡት» አለቻት።

ደሟ ፈላ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ወንበር ሲወስዱባት የመጀመሪያቸው አይደለም። ባለፈው ሳምንት ሲወስዱባት ከቤተ መጻሕፍት ሌላ ወንበር ራሷ ጎትታ አምጥታ ነበር፤ በማግስቱ ክንዷን አንሥታ ፀጉሯን ማበጠር አቃታት።

ሕመሙ ከጀመራት ዓመታት አልፈዋል። አንዳንድ ቀን ትከሻዋን፣ ሌላ ቀን ወገቧንና ጭኗን፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሁሉንም ባንድ ላይ ይይዛታል። ተኝታ አድራ ስትነሣ ድንጋይ ስትሸከም ያደረች ይመስላታል። ደም ሰጠች፣ ራጅ ተነሣች። በየሐኪም ቤቱ «ምንም የለብሽም» አሏት፤ ሲነግሯትም እንደ ምሥራች ነው። በመጨረሻ አንዲት ታጋሽ ሐኪም እስከ ዳር ሰምታት፣ ሰውነቷን በጣቷ እየተጫነች መርምራ የሕመሙን ስም ነገረቻት፤ ፋይብሮማያልጂያ።

«በራጅም በደምም አይታይም፤ ግን አለ» አለቻት ሐኪሟ። «ነርቮችሽ ትንሹን ነገር ሁሉ አግንነው ነው ለአንጎልሽ የሚያደርሱት። አይገድልም፣ ቶሎም አይለቅም። አቅምሽን መጥነሽ ተንቀሳቀሺ፣ ሲደክምሽ ዕረፊ። ለሥራ ባልደረቦችሽም ንገሪያቸው፤ ብቻሽን አትችዪውም።»

ነገረቻቸው። እሱ ነው የባሰው። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የሕመሙን ስም ቆርጠው «ፋይብሮ» የሚል ቅጽል አወጡላት። በር ላይ ብቅ ስትል «ፋይብሮ መጣች፣ ወንበር ልቀቁ» ይባላል። ከሁሉም አብልጦ የሚስቀው የስፖርት አስተማሪው ነው፤ ደረቱ የሰፋ፣ ተማሪ አስተማሪው «ብረቱ» እያለ የሚጠራው ሰውዬ። ምክትሉ ግን አይስቁም። «መምህር ቁጭ ካለ ተማሪ ይተኛል» ይላሉ፤ ሌላ አያውቁም።

ያን ቀን ጥርሷን ነክሳ ቆማ ጀመረች። ስሌቱን ሰሌዳው ላይ አጋምሳ ሳትጨርስ ጉልበቷ ከዳት። ግድግዳውን ተደግፋ ተንሸራትታ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ደብተራችሁን አውጡ» አለች። «አንዳችሁ ጠመኔውን ያዙልኝ። ዛሬ ከዚሁ ነው የማስተምረው።»

አንዷ ልጅ ተነሥታ የተባለችውን መጻፍ ስትጀምር ምክትሉ በሩን ከፈቱት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ትምህርት ነው።»

«ተነሽ። ቆመሽ አስተምሪ። ተማሪ ፊት መሬት ላይ መዘርጋት ነውር አይደለም እንዴ?»

«ነውረኛው ወንበሩን የወሰደው ሰው ነው። መነሣት ብችል እርስዎ እስኪመጡ አልጠብቅም ነበር።»

«ትናንት ደረጃውን ስትወጪ አይቼሻለሁ፤ ምንም አልነበርሽም። ዛሬ ምን ተገኘ?»

«ሕመሙ እንዲህ ነው፤ አንድ ቀን ይለቃል፣ አንድ ቀን ይይዛል። ነግሬዎት ነበር። ሐኪሟም ጽፋልዎታለች።»

«ሐኪም ለለመነው ሁሉ ይጽፋል» አሉና በመስኮቱ ብረቱን ከሜዳ ጠሩት። «በብብቷ ይዘህ አንሣልኝ።»

ብረቱ ገባ፤ አየት አደረጋት፤ ግን በብብቷ አልያዛትም። አጠገቧ ተንበረከከና ክንዱን ዘረጋላት። «እኔ አልይዝሽም፣ ይብስብሻል። አንቺ ያዢኝ። እንዳሻሽ፣ ቀስ ብለሽ» አላት በሹክሹክታ። ክንዱን ይዛ ተነሣች። በዚህ ሁሉ ዓመት እንዲህ አድርጎ ያነሣት ሰው አልነበረም፤ የገዛ ባሏ እንኳን።

ብረቱ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ወስዶ የተደራረበ ፍራሽ ላይ አስቀመጣት። ክፍሉ የኳስ ቆዳና የላብ ሽታ ይሸታል።

«ከየት አወቅኸው?» አለችው።

ብረቱ የአንገቱን ፊሽካ እያገላበጠ፣ «እኔም አለብኝ» አለ። «ከማግባቴ በፊት ጀምሮ።»

እንደሷ የታመመ ሰው ብታገኝ ደስ የሚላት መስሏት ነበር። የመጣባት ግን ቁጣ ነው፤ በምክትሉ ላይ ከመጣባት የባሰ።

«ሲስቁብኝ አብረህ ስቀሃል። ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው ያንተ ሳቅ ነበር።»

«ፈርቼ ነው። ብረቱ ታሟል ቢባል ማን ያሠራኛል? ዝላይ የማሳያቸው እንዳይመስልሽ፤ ፊሽካ እየነፋሁ ተማሪዎቹን ነው የማዘልለው። ማታ ጫማዬን የምታወልቅልኝ ሚስቴ ናት።»

«በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ሲባል እሰማ ነበር። በራሱ ቁስል የሚሰድ ግን ዛሬ ገና አየሁ።»

ስትወጣ ብረቱ፣ «ቅዳሜ ከሰዓት ከመድኃኒት ቤቱ ፎቅ ላይ እንሰበሰባለን፣ ይሄ ያለብን ሰዎች። ነዪ» አላት።

«አንተ ካለህበት አልመጣም» ብላው ሄደች።

ቤት ስትገባ ለባሏ ሁሉንም ነገረችው። ባሏ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ከአፉ ቃል ጠብ የማይል ሰው። ከሰማ በኋላ በእጁ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠና፣ «ነገ ሄጄ ምክትሉን ላናግረው?» አላት።

«እኔስ አፍ የለኝም?»

«እንግዲያው ቅዳሜ እንሂድ።»

«አንተ ምን ልትሠራ?»

«ስታቃስቺ እጄን የት እንደማሳርፍ ጠፍቶኝ ነው የምኖረው። የሚያውቅ ካለ ልጠይቅ።»

ቅዳሜ አብረው ሄዱ።

ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ያለችው ክፍል አንዱ ካንዱ የማይመሳሰሉ ወንበሮች ሞልተዋታል። ሊጥ የምታቦካ ዳቦ ጋጋሪ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ የልጃቸው ሕመም ዛሬ ስለበረታ እሷን ወክለው የመጡ ሽማግሌ አባት፣ ብረቱና ሚስቱ ነበሩ። «ሕመምሽን እስኪ አሳዪን» ያላት የለም። ዳቦ ጋጋሪዋ፣ «እኔን ዛሬ ያመመኝ ቀሚሴ ነው» ስትል ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች። ሽማግሌው አባት ደግሞ፣ «ጎረቤት ልጅህን ምን ነካት ባለኝ ቁጥር ቤቱ ገብቼ ቁጭ እላለሁ። እስኪገባው አልወጣም። እስካሁን ሁለት ሰው ተረድቶኛል፤ ሁለቱም ግን ሊገላገሉኝ መሰለኝ» አሉ። የብረቱ ሚስት በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ አምጥታ የት የት እንደሚያርፍ ለአስተማሪዋ ባል አሳየችው። እሱም እንደ ተማሪ ነበር የሚከታተለው።

ተራው ሲደርሳት አስተማሪዋ ነገሯን አላሽሞነሞነችም።

«አይዞሽ ልባል አልመጣሁም፤ ተናድጃለሁ። እኛ እዚህ ተዘግተን ስንተዛዘን ውጭ ያለው ወንበራችንን ይወስዳል። ሰኞ የመምህራን ስብሰባ አለ፤ እናገራለሁ። ብቻዬን ግን አልናገርም።»

ብረቱን አየችው። አንገቱን ደፋ። ሚስቱም ታየው ነበር።

ስብሰባው ላይ ተነሥታ ሕመሙ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደማይታይ፣ ወንበር ለምን እንደሚያስፈልጋት ተናገረች። ከኋላ አንዱ «ፋይብሮ ጀመረች» ሲል ሰማችው። ምክትሉ አቋረጧት።

«ሁሉም መምህር ይደክመዋል። ሁሉም ወንበር ቢጠይቅስ?»

«ይስጡታ። ወንበር ምን አለበት?»

ብረቱ ከተቀመጠበት አልተነቃነቀም። አሁንም ሊከዳኝ ነው ብላ ልቧ ሲቆርጥ ብድግ አለ።

«እኔም ይሄው ሕመም አለብኝ» አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ብረቱ ቀልደኛ ነውና ቀልድ መስሏቸዋል። ሳቁ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ።

«ሳቁ። እኔም ስስቅ ነበር» አለ። «ባለፈው ዓመት እግሬ ተሰበረ ብዬ ሥራ የቀረሁት አልተሰበረም ነበር። ይሄ ሕመም ይዞኝ መነሣት አቅቶኝ ነው። እውነቱን ብናገር እንደማታምኑኝ ስለማውቅ በፋሻ ጠቅልዬ ተኛሁ። ሁላችሁም ጠየቃችሁኝ። ብርቱካን ይዛችሁ መጣችሁ። ምክትላችን ራሳቸው ትራሴን አስተካክለውልኛል። ለውሸቴ ብርቱካን፣ ለእሷ እውነት ሳቅ። ይሄ ምን የሚሉት ነገር ነው?»

አሁን የሳቀ የለም። እሷም ብርቱካን ይዘው ከሄዱት አንዷ ነበረች፤ ለዚያውም የቤቱን ደረጃ በሕመሟ እያቃሰተች ወጥታ። ልትስቅም ልትጮህም ቃጣት።

እስካሁን ሲያዳምጡ የቆዩት ርዕሰ መምህሯ ተነሡ። በየክፍሉ ወንበር እንዲገባ፣ የሒሳብ አስተማሪዋ ክፍልም ምድር ቤት እንዲሆን አዘዙ። ምክትሉ ይቅርታ አልጠየቁም፤ ዓይናቸውን በጨው አጥበው በማግስቱ «እንዴት አደርሽ» አሏት። ቅጽሉ ግን ቀረ። የኬሚስትሪ አስተማሪዋ እህቷን እንዲህ ያደርጋት እንደነበር ነግራት የፎቁን አድራሻ ወሰደች።

በብረቱ ላይ ግን ሌላ መጣበት። «የታመመ ሰው ስፖርት አያስተምርም» ተባለና ምክትሉ ከሜዳ አንሥተው ዕቃ ቤት ሊመድቡት ተነሡ። ብረቱ ሊቀበል ነበር። የሒሳብ አስተማሪዋ የሰማችው ከተማሪዎች ነው፤ ጠመኔዋን አስቀምጣ ወደ ሜዳ ወጣች።

«ተነሥ፣ ቢሮ እንሄዳለን።»

«ተይው። ለኔ ብለሽ አትጣዪ።»

«ላንተ ብዬ አይደለም። ይቅር ያልኩህም እንዳይመስልህ።»

«አልመሰለኝም» አለ ብረቱ እየተነሣ። «ቀስ በዪ ግን፤ ዛሬ ጉልበቴን ይዞኛል።»

«እኔንም ወገቤን።»

መተላለፊያውን ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው፣ እየቆሙ እያረፉ ተሻገሩት። የምክትሉ በር ላይ ሲደርሱ ብረቱ ሊያንኳኳ እጁን አነሣ። እሷ ግን ሳታንኳኳ ከፈተችው።