የቶኩጂ ጣት

የቶኩጂ ጣት ከጆሮው ይቀድማል። መኸር በመጣ ቁጥር በሰፈሩ አዳራሽ በሚካሄደው የጥያቄና መልስ ውድድር፣ ጥያቄው ሳያልቅ ደወሉን መጫን የጨዋታው ወግ ነው፤ ጎበዝ የሚባለውም ከጅምሩ መጨረሻውን የሚያሸት ሰው ነው። ቶኩጂ ግን፣ ወይ ጉድ፣ ወጉን ቤቱ ድረስ ይዞት ገባ። ከተጋቡ ጀምሮ ሚስቱን አንድ ነገር አስጨርሷት አያውቅም።

የውድድሩ ዕለት ጠዋት ሚስቱ ሺዙኤ የሚሶ ሾርባውን አቀረበችለትና፣ «ዛሬ አንድ ነገር ልነግርህ...» ስትል፣

«የሾርባው ቶፉ አልቋል፤ እገዛለሁ» አላት።

«ቶፉ አይደለም። ካናዛዋ ያለችው እህቴ...»

«ካናዛዋ! የወርቅ ቅጠል! ለልባጥ የሚሆነው የአገሩ ስስ ወርቅ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚሠራው እዚያ ነው!»

ሺዙኤ ጭልፋዋን አስቀመጠች። «ስማ አንተ ሰውዬ። ዛሬ አንዲት ነገር፣ አንዲት ብቻ፣ እስከ መጨረሻዋ ካላዳመጥከኝ ነገ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። መመለሴንም እንጃ።»

ቦርሳዋ በሩ ሥር፣ ከጫማዎቹ አጠገብ ተዘጋጅቶ ነበር። ቶኩጂ ሲያየው ሾርባውን ሳይጨርስ ተነሳ።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። የዘንድሮው ውድድር በሳይንስና በፈጠራ ሥራዎች ላይ ነው። ሽልማቱ የኤሌክትሪክ ሩዝ ማብሰያ ነው፤ የለገሰው ደግሞ ራሱ ቶኩጂ ነው፣ ከራሱ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ። ችግሩ ወዲህ ነው፤ ጥያቄ አንባቢው በጉንፋን ድምፁ ተዘጋና የሰፈሩ ኮሚቴ በእሱ ፈንታ ሺዙኤን አስነሳ። ሚስቱ ወረቀቷን ይዛ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ከፕላኔቶች ሁሉ ትልቁ...»

ጧ! ቶኩጂ ደወሉን መታ። «ጁፒተር!»

«...ጁፒተር ነው። ሁለተኛውስ?» አለች ሺዙኤ፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የጥርስ ሐኪሙ ኦጋሳዋራ ተረጋግቶ «ሳተርን» አለና ነጥቡን ወሰደ። ቶኩጂ ጆሮው ቀላ። የነጥቡ ነገር ይቅር፤ ሚስቱ ቁጣ እንኳ አለማሳየቷ ነው ያስፈራው። እንዲህ የምትሆነው ነገሩን ስትቆርጥ ነው።

ያም ሆኖ እየወደቀ እየተነሳ ከሐኪሙ ጋር እኩል ደረሰ። አንድ ጥያቄ ቀረ።

«አውቶማቲክ የኤሌክትሪክ ሩዝ ማብሰያ...» ብላ ሺዙኤ ጀመረች።

ሩዝ ማብሰያ! እንጀራው እኮ ነው! የቶኩጂ ጣት በራሱ ፈቃድ ተነሳ። ቦርሳው ትዝ አለው። ቀኝ እጁን መልሶ ከመቀመጫው ሥር ወሸቀና ተቀመጠበት።

«ቶኩጂን አመመው እንዴ?» አሉ ከኋላ አንዲት አሮጊት።

«...ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው...»

ጧ! የጫነው ሐኪሙ ነው። «በ1955!»

«...በ1955 ነው» አለች ሺዙኤ። «ተሳስተዋል ዶክተር።»

በደንቡ መሠረት ጥያቄው አሁን ለቶኩጂ ብቻ እስከ መጨረሻው ይነበባል። ሺዙኤ አልቸኮለችም። ውኃ ጠጣች። መነጽሯን ጠረገች። ይህች ሴት ልትገድለኝ ነው አለ ቶኩጂ በልቡ።

«ከዚያ በፊት ግን» አለች፣ «ለሠሪው ለዓመታት ሩዝ እየቀቀለ፣ ሙቀቱን እየለካ፣ ማብሰያውን ሲሞክርለት የኖረው ሰው ማን ነበር?»

ቶኩጂ ይህን ዕቃ ዕድሜውን ሙሉ ሸጧል፤ መልሱን ግን አያውቅም። አንድ ሰው ሊነግረው ጀምሮ እሱ አቋርጦት ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያሸተው ነገር አጣና ዓይኑን አንባቢዋ ላይ ጣለ። ሽበቷን አየ። ጭልፋ ሲይዝ የኖረ እጇን አየ።

«ሚስቱ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ሺዙኤ ወረቀቷን ረጅም ጊዜ ተመለከተች። «ትክክል» አለች።

ሲመሽ ቶኩጂ የገዛ ማብሰያውን ታቅፎ ከሚስቱ ጎን ወደ ቤት ያዘግማል። ጥያቄ ማዳመጥ እሷን እንደ ማዳመጥ ይቆጠር አይቆጠር አላወቀም፤ መጠየቅም ፈራ። ባቡር ማቋረጫው ጋ ሲደርሱ ደወሉ ጮኸ፣ የመንገድ መዝጊያው ዘንግም ወረደ።

«ቶኩጂ» አለች ሺዙኤ፣ «ነገ ጠዋት እኔ...»

ባቡሩ ድንገት መጣና ድምፅዋን ዋጠው። መልስ አፉ ላይ ግጥም አለ፤ አትሂጂ፣ ትሄጃለሽ፣ ይቅርታ፣ ቶፉ። ሁሉንም ዋጠ። ማብሰያውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞ የመጨረሻው ፉርጎ እስኪያልፍ ጠበቀ። ዘንጉ ተነሳ፤ እሱ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«እሺ» አላት፣ «ነገ ጠዋት አንቺ?»