ቪዲዮው አይሳሳትም

የሒሳብ መምህሩ የአራቱን ክፍሎች ጨርሰው የአምስተኛውን ክፍል የፈተና ወረቀት ሲያርሙ እስክሪብቷቸው ቆመ። አራተኛው ጥያቄ ላይ ያው ስሕተት ነው፤ ቅንፉ ሲፈታ መለወጥ የነበረበት ምልክት አልተለወጠም። አንድ ሁለት ልጅ ቢሆን ተኮራረጁ ይባላል። አምስት ክፍል ግን በአንድ አፍ አይሳሳትም።

የአንዷ ወረቀት ይባስ ግራ አጋባቸው። ጓደኞቿ "ላጲስ" የሚሏት፣ ጽፋ ካልፋቀች የማይሆንላት ልጅ ነች። ትክክለኛውን መልስ ጽፋ፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ ፍቃ፣ በላዩ ላይ የተሳሳተውን አስፍራለች። በዕረፍት ሰዓት አስጠሯት።

"ይሄን ለምን ፋቅሽው?"

"ቪዲዮው ላይ እንደዚያ አይደለማ፣ ቲቸር።"

"አንቺስ የትኛው ነበር የመሰለሽ?"

"እኔማ የመጀመሪያው። ግን ቪዲዮው አይሳሳትም ብዬ ነው።"

"ቪዲዮው ላይ የሚያስተምረው ማን ነው?"

ልጅቷ ወጥመድ መስሏት ትንሽ አመነታች። "እርስዎ ነዎት።"

"እኔስ አልሳሳትም?"

"እርስዎማ ይሳሳታሉ፤ ሰው ነዎት" አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

መምህሩ ሳቃቸው መጣ። ልጅቷን ሸኝተው ግን ቪዲዮውን ከፈቱ። በዓመቱ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ትምህርታቸውን በሙሉ አስቀርጿል። ከዚያ ወዲህ በየክፍሉ የሚያስተምረው ስክሪኑ ነው፤ እሳቸው እየዞሩ ጸጥታ ያስከብራሉ፣ ፈተና ያርማሉ። የገዛ ድምፃቸውን መስማት ስለሚያሳፍራቸው አንዱንም ቪዲዮ እስከ መጨረሻው አይተውት አያውቁም። ዐሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ፣ አዲስ ሸሚዝ የለበሱት ሰውዬ ቅንፉን ፈቱ፤ ምልክቱን እንዳለ ተዉት፤ "ግልጽ ነው አይደል?" ብለውም ፈገግ አሉ። ክፍል ውስጥ ቢሆን ይሄኔ አንዱ ከጥግ "ቲቸር፣ ምልክቱ" ይል ነበር። ካሜራው ግን ዝም ብሎ ቀረጸ።

ርዕሰ መምህሩ የቀድሞ ተማሪያቸው ነው። ነገሩን ሰምቶ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋ።

"ጋሼ፣ ጥያቄውን እንሰርዘውና ለሁሉም ሙሉ ነጥብ እንስጥ። ሳይሰማ ያልቃል።"

"የተማሩትስ?"

"ለሚቀጥለው ዓመት ቪዲዮውን እናስተካክላለን። ወላጅ ልጁን እዚህ ያስመዘገበው በቪዲዮው ተማርኮ ነው። አንዱ ተሳስቷል ከተባለ ሌላውን ማን ያምነዋል?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የእርስዎም ኮንትራት የሚታየው በዚህ ወር ነው። ለእርስዎ አስቤ ነው።"

"እስቲ" ብለው ወጡ መምህሩ። እሺም እምቢም አልነበረም።

ደወል ተደውሎ የመጀመሪያው ክፍል ሲደርሱ የራሳቸው ድምፅ ቀድሟቸው እያስተማረ ነበር። በሩ ላይ ትንሽ ቆሙ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ርዕሰ መምህሩ ከቢሮው ወጥቶ ያያቸዋል። ገቡና ቪዲዮውን አጠፉት፤ ስክሪኑን ወደ ላይ ጠቅልለው አቧራ የለበሰውን ሰሌዳ በእጃቸው ጠረጉት።

"ደብተር አውጡ" አሉ። "አራተኛውን ጥያቄ ያሳሳትኋችሁ እኔ ነኝ። አሁን እንደገና እሠራዋለሁ። ስሳሳት አቋርጡኝ።"