ማሩን የያዘው ሰው

በዕውቀቱ በዓለም ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጦ ለሃያ ዓመት ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ብዕሩ ስል ነው ይባልለታል፤ እሱም ይህን ሲሰማ ጢሙን መዳበስ ይወዳል። ኢንተርኔት የሚሉትን ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. እንኳ የወጣቶች ጨዋታ አድርጎ ነበር የሚያየው። ያን ሰኞ ከኢኽላስ ኢንተርኔት ቤት የገባው ቸግሮት ነው።

እስከዳር ተከትላው ገባች። የሟች ጓደኛው የጌጡ ልጅ ናት፤ የወለዳት ሳይሆን ያሳደጋት። ገና በእቅፍ ሳለች ጌጡ በሽማግሌዎች ፊት አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ አጠባትና የማር ልጁ አደረጋት። የማሩን ዋንጫ ይዞ የቆመው በዕውቀቱ ራሱ ነበር። ጌጡ ሲሞት ግን የወንድሙ ልጆች ወረቀት የላትም ብለው ቤቱንና የማሽላ መሬቱን ሊወስዱባት ከሰሷት። ቀጠሮው ነገ ነው።

“አይዞሽ፤ እንዳንቺ ያለች የማር ልጅ ደብረ ብርሃን ይግባኝ ብላ ረትታለች። ያ ውሳኔ ከተገኘ ዳኛው እምቢ አይልም” ብሏታል።

ያልነገራት ነገር አለ። ያችን ልጅ መጀመሪያ ወረዳ ላይ ያስረታት እሱ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለባላጋራዋ ለመኳንንት ማመልከቻውን ጻፈለት። በይግባኝ መርታቷን ሲሰማ፣ በሰው ፊት ባያወራውም፣ ደስ ብሎት ነበር።

ኢኽላስ ውሳኔዎች በየርዕሳቸው የሚፈለጉበትን ገጽ ከፈተች።

“በምን ጉዳይ ልፈልግልዎ ጋሼ?”

“የማር ልጅ በይ።”

ምንም አልመጣም። “የጡት ልጅ” አሰኛት፤ እሱም ባዶ ሆነ። እንደዚያ የሚለው የአገሬው ሰው እንጂ ሕጉ አይደለም። ይህ እስኪታወሰው መዘግየቱ እያሳፈረው፣ “እስቲ ጉዲፈቻ በይ” አላት።

ውሳኔዎች ተዘረገፉ። ከታች የመኳንንትን ስም ሲያይ ወደ እስከዳር ዞሮ “አላልኩሽም?” አለ። ፈገግ አለች። ከቀብሩ ወዲህ ፈገግ ስትል ያያት ያን ጊዜ ነው።

ኢኽላስ ማንበብ ጀመረች። ልጅቷ ወረዳ ላይ ተረታለች፤ ደብረ ብርሃን ላይ ረትታለች። መኳንንት ግን አርፎ አልተቀመጠም፤ ሰበር ሰሚ ችሎት ድረስ ሄዶ ኖሯል።

“የይግባኙ ውሳኔ ተሽሯል” እያለች ኢኽላስ ቀጠለች፤ “ማር ማላስ ፍቅርን ያሳይ እንደሆነ እንጂ ልጅነትን አይፈጥርም በማለት አመልካች ከሥር ጀምሮ ያቀረበው ክርክር ተቀባይነት አለው።”

በዕውቀቱ ዐረፍተ ነገሩን ከእሷ ቀድሞ በልቡ ጨርሶት ነበር። ያን ቀን ለመኳንንት ጽፎ ሲያበቃ አምሮለት ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ አንብቦታል። አሁን ሰበር ስላጸናው በየወረዳው ያለ ዳኛ የሚከተለው ሆኗል።

“ለኛ ነው ለነሱ?” አለች እስከዳር።

መዋሸት አማረው፤ አልቻለም።

“ለነሱ ነው።”

ሌላ እንዲፈለግላት ለመነች። ኢኽላስ ደጋግማ ፈለገች፤ የመጣው ሁሉ ይህንኑ የሚጠቅስ ነበር። እስከዳር በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

“ይህን የጻፈው ሰው የማር ልጅ ምን እንደሆነ አያውቅም።”

“ያውቃል” አለ በዕውቀቱ። “ላንቺ ማሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ይህንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።”

እስከዳር ትኩር ብላ አየችውና ወጣች። በማግስቱ ችሎት ስትቀርብ የያዘችውን የመከላከያ መልስ ያስጻፈችው በሌላ ሰው ነበር።