ሪባን የታሰረበት ዊልቸር

ንዴቴ እስካሁን አልወጣልኝም። የክበባችን ሊቀመንበር፣ ጥርስ ሐኪሙ፣ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «እህታችን፣ አሁንም እንደተኮሳተርሽ ነው?» ይሉኛል፤ ያውም ፈገግ ብለው! ዓይናቸውን በጨው አጥበው! አዎ፣ እንደተኮሳተርኩ ነኝ።

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። የሰፈራችን የበጎ አድራጎት ክበብ አባል ከሆንኩ አራት ዓመት አለፈኝ። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ፣ ከቤት ዕቃ መሸጫው በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለው አዳራሽ እንሰበሰባለን። ሻይ አለ፣ ኬክ አለ፣ ደወል አለ። ዶክተሩ ደወሏን ሳያቃጭሉ ማንም ትንፍሽ አይልም። ያለፈው ሳምንት ሥራ ይነገራል፣ ይጨበጨባል። የሚመጣው ሳምንት ሥራ ይነገራል፣ ይጨበጨባል። መቼም አልዋሽም፣ ደግ ሥራም ሠርተናል። ለትምህርት ቤቱ የውሃ ታንከር አስገብተናል፣ ደም ለግሰናል፣ ለጧሪ አልባ ሽማግሌዎች ብርድ ልብስ አድለናል። እኔም ሆስፒታል እየሄድኩ የተኙትን ሴቶች ፀጉር አጥቤ እሠራላቸዋለሁ። ይህን ሁሉ የምለው ክፉ ሰዎች ናቸው እንዳትሉብኝ ነው። ክፉ ቢሆኑማ ይሻለኝ ነበር።

ወንድም ጋሼ ታላቄ ነው። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ነዳ። ስኳር መጀመሪያ አንዱን እግሩን፣ ባመቱ ሌላውን ወሰደበት። ሚስቱ ቀደም ብላ ስለሞተች አምጥቼ እኔው ግቢ፣ ከክፍሌ አጠገብ አስገባሁት። ሰው ካላዘለው ደጅ አይወጣም። መታዘል ደግሞ ሞቱ ነው። ስለዚህ አልጋው ላይ ሆኖ በመስኮት ያያል፤ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ «ይሄ ማርሽ አያውቅም፣ ያኛው ፍሬኑን ጨርሶታል» እያለ ይሰድባል።

አንድ ቀን የድሮ አለቃው፣ የመናኸሪያው ኃላፊ፣ ቤት ድረስ መጣ።

«ትኬት ቆራጯ ልትለቅ ነው» አለው። «መስኮቷ ምድር ላይ ነው፣ ደረጃ የለውም። እግር አይፈልግም፤ እጅና ጭንቅላት ካለህ ይበቃል። ሰኞ ሳምንት ራስህን ችለህ ከመጣህ ቦታው ያንተ ነው። ካልመጣህ ግን ባዶ ላቆየው አልችልም፣ ስንቱ ደጅ እየጠናኝ ነው።»

ሰውዬው እንደወጣ ወንድም ጋሼ «ሚጣ፣ መስታወት አምጪልኝ» አለኝ። ፂሙን ሊላጭ! ከስንት ጊዜ በኋላ! መስታወቱን ይዤለት ቆምኩ።

የጎደለው ዊልቸር ብቻ ነበር። የሆስፒታሉን በውሰት ብጠይቅ ከግቢ አይወጣም አሉኝ። መግዛቱማ አይነሳ። ክበባችን ግን ዊልቸር ነበረው። አዲስ፣ ከነላስቲኩ፣ ቀይ ሪባን ታስሮበት ከአዳራሹ ጥግ ቆሟል። ለወንድም ጋሼ እንደሚሰጥም ከተወሰነ ቆይቷል፤ በዚህ ማንም አልተከራከረም። ታዲያ ምን ይጠበቃል? የክብር እንግዳ! ክበባችን ተጠሪ ከሆነበት ዋና ቢሮ አንድ ትልቅ ሰው ይመጣሉ፣ ሪባኑን ይቆርጣሉ፣ ያስረክባሉ። የሚመጡት በወሩ መጨረሻ ነው። ባነሩ ሳይቀር ታትሟል።

በዚያው ሐሙስ ደወሏ እንደተቃጨለች እጄን አወጣሁ።

«ዶክተር፣ ወንድሜ ሥራ አግኝቷል። ሰኞ ሳምንት ይጀምራል። ዊልቸሩን ዛሬ ልውሰድለት። እንግዳው ሲመጡ ይዤው እመጣለሁ፤ ሪባኑን መልሳችሁ እሰሩበት። ከፈለጋችሁ እኔንም እሰሩኝ!»

ሰዉ ሳቀ። ዶክተሩ አልሳቁም።

«እህታችን፣ ያገለገለ ዕቃ ለክብር እንግዳ እንዴት እናቀርባለን?» አሉኝ።

ያገለገለ ዕቃ! ወንድሜ ተቀምጦበት ሥራ ስለሄደ አገለገለ! ታዲያ ለምን ነበር የተገዛው፣ ጥግ ቆሞ እንዲያምር?

ባለ ፋርማሲዋ፣ የክበቡ ጸሐፊ፣ ቀበል አድርጋ «ደግሞም ወንድማችን እስካሁን ቀርበው ታሪካቸውን አልነገሩንም። ደንባችን ነው» አለች። እውነቷን ነው፣ ደንባችን ነው። የሚረዳ ሰው ስብሰባ ላይ ቀርቦ ስለራሱ ይናገራል፣ ከዚያ ይጨበጨብለታል።

«ከተናገረ ይወስዳል?» አልኩ።

«በሚቀጥለው ሐሙስ ይምጣና እናያለን» አሉ ዶክተሩ። እኔ ሞኟ እሺ ያሉኝ መሰለኝ።

ለወንድም ጋሼ ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ። «ዊልቸር ሊሰጡኝ ሁለተኛ ፎቅ ውጣ አሉኝ? ወይ ጉድ! ማን ነው ይሄን ያሰበው?» ስቆ ሲያበቃ ፊቱ ተለወጠ። «ታሪኬን ምን ያደርጉታል ሚጣ?»

«ደንብ ነው። ሁለት ቃል ተናግረህ ትወርዳለህ። በእኔ ሞት!»

በሞቴ ስለው መጣ። ታክሲ ያዝን። የዕቃ መሸጫው ሁለት ተሸካሚዎች በፕላስቲክ ወንበር አድርገው ደረጃውን አወጡት። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። አባላቱ ደረጃው አፍ ላይ ቆመው «አይዞህ፣ አይዞህ» ይሉታል። አይዞህ ከምትሉት ስብሰባውን ምድር ቤት ብታደርጉትስ! የክበባችን ፎቶ አንሺ፣ ባለ ፎቶ ቤቱ፣ ከፊት ከፊት እየሄደ ፎቶ ያነሳዋል። አዳራሽ ሲገባ ላስቲኩን ገፈው ዊልቸሩ ላይ አስቀመጡት። ወንድም ጋሼ ጎማዎቹን በመዳፉ ዳሰሳቸው። ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ አደረገው። ደስ ብሎት እንደነበር እኔ አውቃለሁ።

«ሾፌር ነበርኩ» አለ። «ታመምኩ፣ እግሬ ተቆረጠ። አሁን ሥራ አግኝቻለሁ። ስላሰባችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ።» አበቃ።

ባለ ፋርማሲዋ ኬኳን አስቀመጠች። «እንዲያው ትንሽ ዘርዘር ቢያደርጉልን። ለምሳሌ ቤት ውስጥ ብቻዎን ሲሆኑ እንዴት ነው የሚንቀሳቀሱት?»

ወንድም ጋሼ እኔን አየኝ፣ ከዚያ የዊልቸሩን እጀታ አየ።

«መሬት ለመሬት። በእጄ።»

«ውይ! እና ሲቸግርዎትስ?»

እኔ ተነስቼ «በቃ!» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ወንበሩን እንዲያገኝ ፈልጌ ነዋ!

«አንድ ቀን በሩ ሥር ወደቅኩ» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «እህቴ ሥራ ሄዳለች። መነሳት አቃተኝ። ብጣራ የሚሰማ የለም። እዚያው ሸናሁ። እህቴ ሳትመጣ ሸሚዜን አውልቄ ወለሉን ጠረግኩ። እንዳታየው እንደምንም ተስቤ ሸሚዙን ፍራሽ ሥር ደበቅኩት።»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። አንድ ግቢ እየኖርን፣ አንድ ማዕድ እየቀረብን አልነገረኝም። ባለ ፋርማሲዋ እንባዋን በኬክ ሶፍት ጠረገች። የካሜራው መብራት ብልጭ አለ። ከዚያ ጭብጨባው ቀለጠ።

ዶክተሩ ተነሱ። «ልብ የሚነካ ታሪክ ነው! በወሩ መጨረሻ እንግዳችን ባሉበት ልክ እንደዚሁ ይደግሙልናል። ለዛሬው እናመሰግናለን።» ወደ ተሸካሚዎቹ ዞረው «ያንን የፕላስቲክ ወንበር አቅርቡለት» አሉ።

ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። «ምን ማለትዎ ነው ዶክተር? ተናገረ አይደል እንዴ! ሌላ ምን ቀረው?»

ደወሏን አቃጨሉ። «እህታችን፣ ሥርዓት!»

«ሥርዓቱ ገደል ይግባ!»

ደገሙት። እኔ ስጮኽ እሳቸው ሲያቃጭሉ፣ እኔ ስጮኽ እሳቸው ሲያቃጭሉ፣ አዳራሹ ገበያ መሰለ። በዚህ መሃል ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማን። ከዚያ በሌላኛው በኩል ቀጭ። ወንድም ጋሼ የሁለቱንም ጎማ ፍሬን ይዟል።

«ዶክተር፣ ሰኞ ሥራ እገባለሁ» አላቸው፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። «ፍሬን ይዣለሁ። የሚያወርደኝ ካለ ይምጣና ያውርደኝ።»

ማንም አልተነቃነቀም። አንደኛው ተሸካሚ «እኔ እጄን አላስገባም» ብሎ ግድግዳው ጋ ሄዶ ቆመ። እኔ ወደ ባለ ፎቶ ቤቱ ዞርኩ።

«ደቅን እንጂ ካሜራህን! እግር የሌለውን ሰው ጎትተው ሲያወርዱት አንሳ! ይሄንንም ለእንግዳው አሳዩአቸው!»

ልማድ ሆኖበት ነው መሰል፣ እውነትም ደቀነ። የዶክተሩ እጅ ደወሏ ላይ እንዳለ ቀረ።

«እሺ፣ ይውሰደው» አሉ በመጨረሻ። «ግን በወሩ መጨረሻ ይዞት እንዲቀርብ።»

«የዚያን ቀን ሥራ ላይ ነኝ» አለ ወንድም ጋሼ። ሪባኑን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከኬኩ አጠገብ አስቀመጠላቸው።

ተሸካሚዎቹ ከነዊልቸሩ አወረዱት። መንገድ ላይ እየገፋሁት አፌ ሥራ አልፈታም። ዶክተሩን ሰደብኩ፣ ባለ ፋርማሲዋን ሰደብኩ፣ ኬኩንም ሰደብኩ። «የሰው ቁስል እየቆፈሩ ሻይ ይጠጣሉ እንዴ! ያጨበጭባሉ እንዴ! ሰው ናቸው እነዚህ?» እሱ መንገድ መንገዱን ያያል። የደከመው መስሎኝ ነበር።

«አንቺም አጨበጨብሽ» አለኝ።

«ምን?»

«በሩ ሥር የሆንኩትን ነግሬያቸው ሳበቃ። ቀና ስል አየሁሽ። አንቺም ታጨበጭቢ ነበር።»

በፍጹም ልለው አፌን ከፈትኩ። ሐሙስ ሐሙስ ሰው ሲያጨበጭብ አጨበጭባለሁ፣ እጄ ለምዷል፣ እኔን አይጠይቀኝም። ግን ይህ ምን መልስ ነው? ለማን ይነገራል?

«እጅሽን አንሺልኝ» አለኝ።

አነሳሁ። ራሱ ጎማውን ያዘና ገፋ። መጀመሪያ ተጣመመበት፣ የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ገጨ። ወደኋላ መለሰው፣ አስተካከለው፣ ሄደ። እኔ ከኋላ ከኋላው ተከተልኩ።

ሰኞ በጠዋት ብቻውን ወጥቶ ሥራ ገባ። አለቃው ደውሎ «ሠልፉን ቀጥ አድርጎ ያስተናግዳል፣ የሚቀልድበት የለም» አለኝ። ከሥራ ሲመለስ የዊልቸሩን ድምፅ ሰምቼ ምግብ ይዤ ሮጥኩ። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። ከዚያ ቀን በፊት ቆልፎት አያውቅም።

«ወንድም ጋሼ፣ እራትህን ይዤ ነው፣ ክፈትልኝ።»

«በልቻለሁ» አለኝ።