ብርድ ልብስ ወይስ ኮርኒስ

ቅዳሜ ከሰዓት ፋርማሲስቷ በሩን ገርበብ ስታደርግ ሰፈሩ ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል። ከመድኃኒት መደርደሪያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ሦስት ሰዎች ካርቶን ላይ ተቀምጠው ስለ ጀርመንኛ ቃላት ይነታረካሉ። «እብዶቹ ተሰበሰቡ» ይሏቸዋል ጎረቤቶቿ፤ በክፋት ግን አይደለም።

ከሦስቱ ጀርመንኛን እንደ ሰው የሚናገረው አንዱ ብቻ ነበር፤ ጋሼ የሚሉት ጡረተኛ አስተርጓሚ። በወጣትነቱ እዚያው አገር ተምሯል፤ ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽን ለሚተክሉ ጀርመኖች ሲያስተረጉም ኖሯል። ሰዓት ሠሪው ቋንቋውን የለቀመው ስለ ሰዓት ከተጻፉ መጻሕፍት ነው፤ ፋርማሲስቷ ደግሞ መድኃኒት ካርቶን ውስጥ ታጥፈው ከሚመጡ ወረቀቶች። ሁለቱም የቃል ሥር መቆፈር ይወዳሉ እንጂ ከአንድ ጀርመናዊ ጋር «እንደምን ዋልክ» ተባብለው አያውቁም።

«ጊፍት ዛሬ መርዝ ነው፤ ጥንት ግን ስጦታ ነበር» ትላለች ፋርማሲስቷ። «መርዝ ብሎ መጥራት ቢከብዳቸው ‹የተሰጠው ነገር› እያሉ አድበሰበሱት።»

«ኧረ ከዚህች ሴት መድኃኒት አልገዛም!» ይላል ሰዓት ሠሪው።

ጋሼ ይስቅና «ሥሩን ተዉት፤ ሰዉ እንዴት እንደሚለው ጠይቁኝ» ይላቸዋል። እነሱ ግን ሥሩ ይበልጥባቸዋል።

አንድ ማለዳ ጋሼ ፊቱን ሲታጠብ ወደቀ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ነበር። ከሆስፒታል ሲወጣ ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም። የባሰው ግን እናቱ ያስተማረችው ቋንቋ ጥርግ ብሎ መጥፋቱ ነው። አፉን ሲከፍት የሚወጣው ጀርመንኛ ሆነ፤ እሱም ቁርጥራጩ። ሐኪሙ «አንዳንዴ ይገጥማል፤ የትኛው እንደሚተርፍ አይታወቅም» ብሎ አለፈው። ከልጅነቷ ጀምሮ አብራው የኖረችው ሚስቱ ግን አንዲት የጀርመንኛ ቃል አታውቅም።

ወደ ፋርማሲው መጣች። «ልጄ፣ ባሌ አጠገቤ ተኝቶ እንግዳ ሆነብኝ። እናንተ ታውቁት የለ? ምን እንደሚለኝ ብቻ ንገሩኝ።»

ሁለቱ ተያይዘው ሄዱ። መኝታ ክፍሉ ታፍኗል። ሚስቱ ብርድ እንዳይመታው ፈርታ መስኮቱን ዘግታ መጋረጃውን ጥርቅም አድርጋዋለች። ጋሼ ሲያያቸው ዓይኑ በራ። በደህና እጁ የፋርማሲስቷን ክንድ ጨብጦ ወደ ላይ እያየ፣ «ዴከ… ኮፕፍ… ዴከ!» አላት።

«ዴከ ብርድ ልብስ ነው» አለች ፋርማሲስቷ። ሚስቱ ሮጣ አምጥታ ደረበችለት። ጋሼ ገፍትሮ ጣለው።

«ኮርኒስም እኮ ዴከ ነው» አለ ሰዓት ሠሪው። «ሁለቱም ‹መሸፈን› ከሚለው ነው የወጡት። ዳኽ፣ ጣሪያው ራሱ፣ የሥጋ ዘመዱ ነው።»

«ኮፕፍስ? ራስ ነው።»

«አሁን ነዋ ራስ የሆነው። ድሮ ጽዋ ማለት ነበር።»

«እሱማ ከላቲኑ…»

ሚስቱ በመዳፏ ጠረጴዛውን መታችው። «ከየት እንደመጣ ማን ጠየቃችሁ? ምን ፈለገ ነው ያልኳችሁ!»

ሁለቱም እንደ ተቀጣ ተማሪ አቀረቀሩ። ጋሼ ዓይኑን ጨፈነ፤ በአንዱ ጉንጩ ላይ እንባ ወረደ።

ተመካክረው ራሱን በርዶት ይሆናል አሉና በሻርፕ ጠመጠሙለት። አልሆነም። ኮርኒሱ ላይ አሮጌ የውሃ ጠባሳ ነበርና ያ አስፈርቶት ይሆናል ብለው አናጢ ጠርተው አስቀየሩት። ጋሼ አዲሱን ኮርኒስ እያየ ያንኑ ደገመ። በሄዱ ቁጥር ድምፁ እየቀጠነ፣ ልመናው ግን እየበረታ መጣ። በኋላ ሕመሙ ሲደግምበት ጀርመንኛውም ሄደ። ዝም አለ።

ከዚያ ወዲህ ነው አንዲት የእንስሳት ሐኪም ለልጇ የሳል ሽሮፕ ልትገዛ ወደ ፋርማሲው የገባችው። እዚያው ጀርመን አገር መማሯን በጨዋታ መሃል ስታነሳ፣ ፋርማሲስቷ ጋሼ ይላቸው የነበሩትን ቃላት ነገረቻት።

«‹ኮርኒሱ ራሴ ላይ ወደቀብኝ› ነዋ! ልጅ አዋቂ የሚለው አባባል ነው» አለች ሴትዮዋ እየሳቀች። «ቤት መዋል አፈነኝ፣ ልውጣ፣ እንደ ማለት። እኔም ብርዱ ሲገባ ጠዋት ማታ እለው ነበር።»

ፋርማሲስቷ ሽሮፑን ሰጥታት ወደ ሰዓት ሠሪው ሮጠች።

«ለሚስቱ ብንነግራት ምን ይጠቅማል?» አለ ሰዓት ሠሪው ስትነግረው። «ሴትዮዋን መግደል ነው።»

«እሱ ይውጣ እንጂ!» አለችው።

ነገረቻት። ሚስቱ ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። «ስንቴ ለመነን?» አለች። መጋረጃውን ገነጠለችው፤ መስኮቱን በረገደችው። ጋሼን በወንበር ተሸክመው ግቢ አወጡት። ፀሐይዋ ለስላሳ ነበረች፤ ከአጥሩ ማዶ ሰው ያወራል። «ይኸው ወጣህ የኔ ጌታ፣ ይኸው ወጣህ» እያለች እጁን አሻሸችው። እሱ ግን ግቢውን ያየው የክፍሉን ግድግዳ ያይ እንደነበረው ነው። በማግሥቱም አወጡት፤ በሳልስቱም። ምንም ሳይል፣ ወንበሩን ማውጣት ልማድ ከሆነ በኋላ፣ ሞተ።

የቅዳሜው ስብሰባ በዚያው ቀረ። ሰዓት ሠሪው በበሩ ሲያልፍ እጁን ያነሳል እንጂ አይገባም።

ሚስቱ ግን ከሐዘን ከተነሳች በኋላ ነጠላዋን ተከናንባ መጣች። «ሌላም የሚለው ነበር» አለች ባንኮኒውን ተደግፋ። «ድምፁ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እኔ ልበልልሽ፣ አንቺ ፍቺልኝ።» ከዚያ የማታውቀውን ቋንቋ፣ ከሽባ ምላስ የሰማችውን፣ ባላት አቅም አለችው። ቃል አይሉት ማቃሰት፣ ግራ የገባ ድምፅ ነበር።

«እስቲ ይድገሙልኝ።»

ደገመችላት። ፋርማሲስቷ የምታውቃቸውን ቃላት ሁሉ አንድ በአንድ አስጠጋችው፤ አንዱም አልገጠመም።

«አላወቅሁትም፣ እትዬ።»

«ምንም አይደል» አለች ሴትዮዋ። «ሌላም አለ። ስሚማ።»