ጥንታዊ እንዲመስል

ማርያማዊት የፒያሳውን ስቱዲዮ በር በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ አለቃዋ አስማረ የሙሽሮች አልበም ያገላብጥ ነበር። «ደህና አደርሽ» ቢላት በሩን ከኋላዋ ወርውራ ዘጋችው። አፏን ብትከፍት መጀመሪያ የሚወጣው ስድብ እንደሆነ ታውቃለች።

አባቷ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ጃናሞራ ውስጥ ባለች አንዲት የገጠር ደብር አርባ ዓመት ድጓ አስተምረዋል። የደብሯን ድጓ ጥንት የጻፈው ሰው የዜማውን ምልክት ብዙ ቦታ ላይ አሳስቶታል። እሳቸው የቀድሞውን ሳይፍቁ፣ ትክክለኛውን ከላዩ በቀይ ቀለም እየጻፉ ኖሩ። ጥቁሩ ስሕተቱ፣ ቀዩ እርማቱ ነው። አሁን ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ለማዜምም ትንፋሽ የላቸውም። ደብሩ በስንት ልመና መጽሐፉን ለአንድ ቀን ቁስቋም፣ እነማርያማዊት ቤት ድረስ አምጥቶ፣ እሳቸው ስለ እርማቱ እያስረዱ አስቀረጸና ይዞት ተመለሰ። ዕቃ ቤት ከገባ ወዲያ ለካሜራ ብሎ ነገር አይወጣም ተብሏል።

የቀረጻው ዕለት ካሜራውን ያስተካከለችው ራሷ ነበረች። ኮንትራስቱን ዝቅ፣ ቀለሙን በልኩ አድርጋ፣ ቀዩ ከጥቁሩ ተለይቶ መታየቱን አረጋግጣ ለአስማረ ሰጠችው። «ሴቲንጉን እንዳትነካ። ቪዲዮ ጥሬውን አይቀመጥም፤ ካሜራው ያበሰለውን ነው የሚሰጥህ፤ በኋላ አይመለስም» ብላዋለች። ከዚያ ፀሐዩ ብራናው ላይ እንዳያንጸባርቅ ነጠላ ወጥራ ይዛ ቀኑን ሙሉ ቆመች። ስክሪኑን የማየት ዕድል አላገኘችም። ቪዲዮውን የከፈተችው ገና ዛሬ ጠዋት ነው።

«ምን አደረግኸው?» አለችው።

«ምኑን?»

«ቪዲዮውን! ከዳር እስከ ዳር ጥቁርና ነጭ ነው!»

አስማረ ፈገግ አለ። ደሟን ያፈላው ይሄ ፈገግታ ነው። «ጥንታዊ እንዲመስል ብዬ ነዋ። የብራና መጽሐፍ በቀለም ምን ያምራል? ኮንትራስቱንም ጣራ አስነካሁት። ሸጋ አልሆነም?»

«ቀዩስ?»

«የቱ ቀይ?»

የቱ ቀይ! እንዲህ የሚጠይቀው፣ ሽማግሌው ስለ ቀዩ ሲያስረዱ ቀኑን ሙሉ ካሜራ ይዞ ፊታቸው የተገተረው ሰው ነው። ማርያማዊት አልበሙን ከእጁ ነጥቃ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ቀስ በይ እንጂ! በኮምፒዩተር እንመልሰዋለን።»

«ካሜራው ያልያዘውን ከየት ታመጣዋለህ?»

«ድምፃቸው አለ አይደል?»

«ድምፃቸው ‹ቀዩን ተከተሉ› ነው የሚለው! የቱን እንከተል? ንገረኝ እስቲ፣ የቱን?»

አስማረ አልበሙን ለማንሣት እጁን ዘረጋ። «ተነሥ» አለችው። «እኔ አልነግራቸውም። በራስህ አፍ ትነግራቸዋለህ።»

በባጃጅ ቁስቋም ድረስ ወሰደችው። መሪጌታ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። አስማረ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። የማያዩት ሰው ፊት ኮፍያ ማውለቁ እንኳ አናደዳት።

«የኔታ፣ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ምስሉን ጥቁርና ነጭ አደረግሁት። ቀዩ አልታየም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። ማርያማዊት በትራቸውን እንዲያነሡበት፣ እንዲረግሙት ተመኘች።

«ሁለቱም ጥቁር ሆኑ?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«አይለዩም?»

«አይለዩም። ጥንታዊ እንዲመስል ብዬ ነው።»

«ምነው ልጄ» አሉ መሪጌታ። «ጥንታዊውማ ስሕተቱ ነበር።»